ለማያይ ሰው የተላከ ፎቶ

ግቢ እንጂ ስሜነሽ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል? ውሻው ታስሯል። ከጥሊሊ ገበያ ነሽ? ድንቹስ እንዴት ዋለ? … የእኛን ዘንድሮ ውርጭ መታው። እንጅባራ እንዲህ ናት፤ ጥር ገባ ማለት ውርጭ ነው። ቁጭ በይ፣ ይቺን እየላጥሁ አወራሻለሁ። እጄ ነው ሥራ የያዘው፣ አፌ ምን ሥራ አለው?

ሐሙስ ለፈረስ በዓሉ እህትሽ ቤት ነሽ አሉ። ደስ ይላል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ እንግዳም አለ ሲባል ሰማሁ… ስም አልጠራም። የተመሰገነ ሰው በሥራው ይታወቃል፣ ስም ምን ያደርግለታል?

የኔም ልጅ ናርዶስ መጥታለች፤ ጓዳ ተኝታለች። በፈተና ሰሞን ምን አመጣት አትይኝም?

እነዚህ እንደሷ የማያዩት ተማሪዎች፣ ክራንች የሚይዙትም፣ በስልክ የሚወያዩበት ቤት አላቸው፤ ቴሌግራም ይሉታል። የከፈቱት እሷና አዝመራው የሚባል በክራንች የሚሄድ ጓደኛዋ ናቸው። የትኛው ሕንፃ ደረጃ ይበዛዋል፣ ማን መጽሐፍ ያነብልናል፣ እየተባባሉ ይረዳዳሉ። ጽሑፍ ከሆነ ስልኩ ራሱ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ የዘመን ነገር! ታዲያ ደረጃ ወጥቶ የሰሌዳ ማስታወቂያ የሚነግረን ዓይናማ ይኑረን ብለው አንድ ደግ ወጣት ለመኑና የቤቱን ቁልፍ ሰጡት። የአገሬ ልጅ ነው ብላ ያቀረበችው ናርዶሴ ናት። ዓይኑ እንደ ጭልፊት፣ እግሩ እንደ ሰንጋ ፈረስ… ምን ይወጣለታል?

ምን አደረገላቸው መሰለሽ? ማንበብ ድካም ነዋ! ሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ ላከላቸው። ለማያዩት! ስልኳን ስትነካው «ፎቶ» ይላታል። መልሳ ትነካዋለች… «ፎቶ»። ዕውር ምን ይሻል ቢሉ፣ ብርሃን ነበር የሚባለው፤ ለካ የተማረ ሰው ሲያውቀው ፎቶ ነው። እኛ መሃይሞች ምን እናውቃለን?

«ወንድሜ፣ እባክህ በድምፅ አንብብልን» አለችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ልጁ… ይቅርታ፣ እርሳቸው ሥርዓት ይወዳሉ፤ ረባሽ አይወዱም። ከቤቱ አስወጧት። ከራሷ ቤት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልል፣ ቆጡ ራሱ ነው ወርዶ የብብቷን የነጠቃት። ወዲያው ደግሞ የራሱን ፎቶ አወጣ አሉ፣ የአንዲት ተማሪ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ። ጥርሱ እንዴት ያምራል አሉ ያዩት። ጥርስስ አለው፣ አልዋሽም። ምን ያህል ገፋት? … ፎቶው እስኪነሳ ነዋ። እሱም መንገድ ነው።

ያ ማስታወቂያ ለካ የከሰዓቱ ፈተና ወደ ጠዋት ዞሯል የሚል ነበር። ኋላ አዝመራው በድምፅ አንብቦ ለሌሎቹ ደረሰላቸው፤ ናርዶስ መባረሯን አላወቀም፣ የሰማች መስሎታል። እሷ እቴ በሰዓቷ ከሰዓት ሄደች… ክፍሉ ባዶ። ቢሮው «በስልካችሁ ተነግሯል» አላት። ብታስረዳ ብታለቅስ፣ «እንግዲያው ያ ልጅ አስወጥቻት ነበር ይበልሽ፣ ሰኞ ትፈተኛለሽ» አሏት። አንድ ቃል! ያቺ ቃል ካልመጣች ዓመቷ ተቃጠለ።

ትደውላለች፣ አያነሳም። ምን ያንሳ? ለሐሙስ በትውስት ፈረስ ግልቢያ እየተለማመደ ነው አሉ። በሰው ጀርባ መሄድ የለመደ፣ ፈረስ ምን ያቅተዋል?

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ይቺን ልጅ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስወስዳት፣ «እዚህ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ቦይ አለ፣ እግርሽን አንሺ» እያልሁ ነው። ለማያይ ሰው በጣት አይጠቆምም፤ በአፍ ይነገረዋል። ለዚህ ዲግሪ ያስፈልግ ኖሯል? … እንጃ፣ ዲግሪው ይሆናል የሚያስረሳው።

እናቱ፣ እህትሽማ ኮርታለች። «የአካል ጉዳተኞች ዓይን» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጡታል አሉ። ይገባዋል! በመስታወት አድርጋ ትስቀለው። ናርዶሴም መጥታ… ትዳስሰዋለች።

ልትሄጂ ነው? ቆይ፣ ለእህትሽ ይቺን ድንች ያዢላት። ያልሁትን አትንገሪ… ብትነግሪም ክፉ አልወጣኝም፣ ሳመሰግን ነው የዋልሁት። ሰኞ ሩቅ አይደለም፣ ያቺን አንድ ቃል ብቻ አትርሺ። ልጁንም እማማ መርቀውሃል በይልኝ። ዕድሜ ይስጠው፣ ሽበት ያልብሰው። ዓይኑ በደከመ ጊዜ፣ እግሩ በከዳው ጊዜ፣ ወንዝ አጠገብ ቆሞ «ከፊቴ ምን አለ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ… እግዚአብሔር ልክ እንደሱ ያለ ደግ መሪ ይስጠው።

አሜን በይ እንጂ፣ ስሜነሽ።