ሁለት ጊዜ የተጠየቀው ምስክር

እስከዳር ከማራኪ በሚኒባስ መጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትወርድ፣ የማክሰኝቱን አያ ላቀውን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲወጡ አገኘቻቸው። የአባቷ የእርሻ ጎረቤት ናቸው። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ግራ እጃቸው ላይ አረፈ። መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ በፕላስተር እንደተለጠፈ ነው። እርሷ ነርስ ሆና የምትሠራው በዚሁ ሆስፒታል የደረት ሕመም መመርመሪያ ክፍል ስለነበር ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ከየትኛው አልጋ ነው ያመለጡት፣ አያ ላቀው?»

«ምነው ልጄ፣ እስረኛ ነኝ?» አሉ እየሳቁ። «ጎህ ሲቀድ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ላብ አሰመጠኝ። ልጆቹ በማኪና አምጥተው ጣሉኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ወረቀት አወጡ፤ ሸጋ ነው ተባልሁ። ደሜንም ቀዱ፤ እሱም ምንም የለበት። ጾም ነው እንጂ፣ ጨጓራዬ ነው። ፌጦ ጠጥቼ እተወዋለሁ።»

«ይሂዱ አሉዎት?»

«ተኝተህ ቆይ፣ ሦስት ሰዓት ከቆየህ በኋላ ደግመን እናያለን አሉ። ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ።»

«ሽማግሌም ይዋሻል ለካ።»

ሽማግሌው የቸኮሉት ግን ለፌጦው አልነበረም። ባለፈው ዓመት በእርሻ ድንበር ጠብ፣ አድማሴ የሚባል ገበሬ ወንድሙ በጎረቤቱ በማሩ ልጅ እጅ ሞቶበታል። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ሁለቱ ወገኖች በእርቅ ደም ሊያደርቁ ተቀጣጥረዋል፤ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ ላቀው ናቸው።

«እኔ ከቀረሁ አድማሴ ጠመንጃውን ያነሣል፤ ሌላ ሬሳ ይወጣል» አሉ። «የአንድ ሽማግሌ ደረት ከዚያ ይበልጣል?»

እስከዳር ልመና አይሆንላትም። ክንዳቸውን ይዛ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ። የማሩ ልጅ መጀመሪያ ሲጠየቅ ምን አለ?»

«አልነበርሁም አለ።»

«እናንተም በጄ ብላችሁ ሸኛችሁት?»

«ምን ነካሽ? ሽማግሌ በአንድ ቃል ይፈርዳል? ቃሉን ያዝን፣ ቀጠሮ ሰጠን፣ በሌላ ቀን ደግመን ጠየቅነው። ሁለተኛው ቃል ከፊተኛው ሲጣላ እውነቱ ወጣ።»

«እስከዚያስ?»

«ዋስ ጠርቶ፣ ከዓይናችን ሳይርቅ።»

«የእኛም ክፍል ሥራ ይኸው ነው። የልብ የደም ሥር ሲዘጋ የልብ ሥጋ ይጎዳል። የተጎዳው ሥጋ ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ በምርመራ እስኪታይ ግን ሰዓታት ይፈጃል። ወረቀቱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ሸጋ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ደምዎን አንዴ ጠየቅነው፣ አልነበርሁም አለን። ደግመን እስክንጠይቀው ከዓይናችን አይርቅም።»

አያ ላቀው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ቀጥለውም፣ «ትምህርት ምላስሽን ስሎታል» አሉ። «ሁለተኛውም ያው ቃል ቢሆንስ? እርቁ በከንቱ ፈረሰ ማለት ነው።»

«ያኔ እኔ ራሴ ማክሰኝት ሄጄ ሕዝቡ ፊት ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ። ቃሉ ከተለወጠስ? መንገድ ላይ ልብዎ ቢቆም ሾፌሩ ምን ያደርግልዎታል? ለእርቅ የተጠራው ሰው ለቅሶ ይቀመጣል። ደሙንስ ማን ያደርቀዋል?»

የሽማግሌው እጅ ወደ ደረታቸው ሄደ። እስከዳር አይታ እንዳላየ ሆነች።

«ቀጠሮ መስጠት ነውር አይደለም» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ስልካቸውን አውጥተው ከሸምጋዮቹ አንዱ ለሆኑት ለአበራ ደወሉ። «ስሙኝማ፣ ሐኪም ይዞኛል። እኔ ሳልመጣ ጥይት የተኮሰ ላቀውን እንደገደለ ይቁጠረው በሏቸው።»

እስከዳር ወደ አልጋቸው መለሰቻቸው። የደረት ሕመም መመርመሪያው ክፍል አራት አልጋ ብቻ ነው ያለው። ዓላማውን ያልተረዳ ሰው ያለ ሥራ መጋደሚያ ይመስለዋል። ደረቱን የታመመ ሁሉ ልቡ ታሟል ማለት አይደለም፤ ጤነኛው እዚያ ሰዓታት ቆይቶ፣ የሌላ በሽተኛ አልጋ ሳይዝ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጤነኛ የሚመስለው ደግሞ ሞቱን ይዞ ከመሄዱ በፊት ይያዛል።

የአያ ላቀው ሁለተኛ ውጤት ሲመጣ ቃሉ ተለውጦ ነበር። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ወዲያው ጀመሩላቸው። አልጋው ላይ ሳሉ ሕመሙ አንዴ ተመልሶባቸው ነበር፤ ሐኪሙ ግን አጠገባቸው ነበረ። ስድስት ቀን ተኝተው ወጡ።

በስምንተኛው ቀን ሁለቱ ወገኖች ማክሰኝት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተሰበሰቡ። እስከዳርም ከአባቷ ጋር መጥታ ከኋላ ቆማለች። አያ ላቀው ከስተዋል። በዘንጋቸው ተደግፈው ከሁሉ አስቀድመው እንዲህ አሉ፦

«ደረቱን የጨመደደው፣ ላብ ያሰመጠው ሰው ፌጦ ሲወቅጥ እንዳላይ። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። ሸጋ ነህ ቢባልም ሁለተኛውን ቃል ሳይሰማ ከአልጋው አይነሣ። ነገር ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ ኖሬ፣ የገዛ ደሜን በአንድ ቃል ልለቀው ነበር።»

ወደ ሟቹ ወንድም ዞሩ። «አድማሴ፣ ባላሰብኸው ቀጠሮ አቆየሁህ። ተቀይመኸኛል?»

አድማሴ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ቀና አለ።

«እርስዎን ስጠብቅ ስምንት ቀን ጠመንጃ ሳልነካ አደርሁ» አለ። «ዘጠነኛውም አያቅተኝም።»