መጣሁ ያለው ሰው

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ! ኧረ ጫማዎን አያውልቁ፣ ወለሉ ገና አልደረቀም። ደረጃው አደከመዎት አይደል? እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ። ወንበሩን ወንድም ጋሼ ይዞታል፤ እሱን አናስነሳውም፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ላይ ሥራ በዝቶበታል። እማዬን ሸለብ ያደረጋት ይመስለኛል… ፊቷን ወደ ግድግዳ ስላዞረች አላወቅሁም። ጀሶው አሳከከኝ እያለች ስትነጫነጭ ነበር። ስትነጫነጭ ደስ ይለኛል፣ እየተሻላት ነው ማለት ነው። ብቻ ቀስ ብለን እናውራ። ሻይ ላፍላልዎት? እሺ፣ በኋላ።

መጋረጃውን አዩልኝ? አጠብኩት። ጠዋት ጠዋት ፎቶ ታነሳዋለቻ! ፊደል ያልቆጠረች ሴትዮ፣ ያን ስልክ ስንገዛላት «ሲጮህ ካነሳችው ይበቃታል» ብለን አልነበር? እሷ ቁጭ ብላ የራሷን ቋንቋ አወጣችበት። የተከፈተ መጋረጃ ከላከች፣ በሰላም ተነስቻለሁ ነው። ነጠላ ጫማዋን በሩ ሥር አድርጋ ካነሳች፣ ግቢ ወርጄ ፀሐይ ልሞቅ ነው። ተጋድሞ የተነሳ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ አልቋል ነው። ባዶ ወንበር ደግሞ… ባዶ ወንበር፣ ሰው ናፈቀኝ፣ ኑልኝ ነው። ማን አስተማራት? ማንም! ይኸው እርስዎም ከእሷ ተምረው ማንቆርቆሪያዎን ይልኩላት የለም? የፎቁ አሮጊቶች በሙሉ እኮ በዕቃ መነጋገር ጀመራችሁ።

ግን እትዬ፣ በዚህ ነገር ከእማዬም የሚበልጥ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፣ ዓይን እንዳይገባብኝ። እማዬ ፎቶ በላከችለት ቁጥር፣ ገና ጣቷን ከስልኩ ሳታነሳ፣ በገዛ ድምፁ ይመልስላታል፦ «እሺ እማዬ፣ አየሁት፣ መጣሁ መጣሁ!» እንዴት ያለ ድምፅ መሰለዎት… ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፣ ቁልፍ ይዞ ደረጃ የሚወርድ ነው የሚመስለው። መጋረጃ ብትልክ «መጣሁ»፣ ጫማ ብትልክ «መጣሁ»፣ ባዶ ወንበር ብትልክማ አይጠይቁኝ። እማዬ «መብረቁ» ብላ ስም አወጣችለት። እርግጥ መምጣቱ ላይ ትንሽ… መንገድ ይዘጋበታል፣ ሰው ይይዘዋል፣ የሥራ ሰው ነዋ። መልስ ላይ ግን ማን ያህለዋል?

እኔ እንደሚያውቁት ፀጉር ቤት ነው የምውለው። እጄ አረፋ ውስጥ እያለ ስልክ አይነካም፤ የላከችውን የማየው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ማታ መጥቼ እግሯን እያሸሁላት «አንቺ እኮ ቀርፋፋ ነሽ፤ እሱ እጄን ሳላወርድ ነው የሚመልስልኝ» ትለኛለች። እግሯን ማሸቴን እቀጥላለሁ። አልዋሽዎትም፣ እቀናበት ነበር። ግን ሰው በፍጥነቱ ከተበለጠ ተበለጠ ነው፣ ምን ይደረጋል?

ታዲያ ያን ዕለት መታጠቢያ ቤት ስትወድቅ ማንን ትጥራ? ቀርፋፋዋን? እግሯ አልታዘዝ ብሏት፣ በጀርባዋ እንደተጋደመች ከኪሷ ስልኩን አወጣች። ከፊቷ የሚታያት ኮርኒሱ ብቻ ነው። እሱኑ አነሳችና ለመብረቁ ላከች። አምፖሉን፣ ውሃ ያበላሸውን ቀለም… ይኸው ነው። እትዬ፣ እማዬ ከዚያ በፊት ኮርኒስ ልካ ታውቃለች? እንደው አንድ ሰው፣ የምለው ማንም ሰው፣ አንዴ ገረፍ አድርጎ ቢያየው «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው ከመሬት ወደ ላይ የምታነሳው?» አይልም ነበር? የኔ ነገር! ለካ እሱ ወዲያው መልሷል። «እሺ እማዬ፣ አየሁት፣ መጣሁ መጣሁ!» ድምፁን ስትሰማ ሕመሟ ቀለል እንዳለላት ነው የነገረችኝ።

እርስዎ ደግሞ በሩን ሲያንኳኩ «እየታጠብኩ ነው፣ ልጄም እየመጣ ነው፣ አይጨነቁ» አላለችዎትም? እንዴት ሰው ትጥራ? እርጥብ ወለል ላይ ተዘርግታ፣ ልብሷ ተገልጦ፣ ልጄ ያነሳኛል እያለች ለጎረቤት ትታይ? ኧረ በእግዜር፣ ራስዎን አይውቀሱ! እርስዎማ ከምሳ በኋላ ተመልሰው ድምፅ ሲያጡ አናጺውን ጠርተው በሩን አስከፍተዋል። ከዚያ በላይ ሰው ምን ያደርጋል? ሐኪሙ ስብራቱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር አለ። ብርድ ላይ መቆየቷ ነው ሳንባዋን የጎዳት። ከእንግዲህ ያለ ደጋፊ መራመዷንም እንጃ ብሏል። እሷ ግን ሆስፒታል ሆና ለነርሷም ለጽዳቷም ስትናገር የነበረው ያንኑ ነው፦ «ልጄ ወዲያው መልሶልኝ ነበር፤ መንገድ ዘግተውበት ነው እንጂ።»

እና ዛሬ ጠዋት ምን ሆነ መሰለዎት? ደስ ብሏት ነቃች። ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦላታል! ቀስ ብላ ስልኳን አነሳችና ወንበሩን ከነሰዉ ፎቶ አነሳችው። «እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?» ብላት «ሰው ያለበት ወንበር፣ መጥተህልኛልና አመሰግናለሁ ማለት ነው» አለችኝ። አዲስ ቃል አወጣችለት። ላከችለት። ሰውየው ብርቱካን እየላጠላት ነበር፣ ሁለት እጁም በጭማቂ ርሷል፣ አፉም ዝም ብሏል… ከእማዬ ስልክ ውስጥ ግን «እሺ እማዬ፣ አየሁት፣ መጣሁ መጣሁ!»

ምነው ደነገጡ? ኧረ ወንድም ጋሼን አይደለም የማወራው! እሱማ ይኸው ቁጭ ብሏል። እኔ የማወራው ገና መንገድ ላይ ስላለው ሰው ነው።

እማዬ ስልኩን አየችው። ሰውየውን አየችው። ብርቱካኑን አየችው። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ወንበሩ ይመችሃል?» አለችው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ናት። ዛሬ መጋረጃዋንም አላነሳችም። ወይኔ እናቴን! ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

እኔማ በኋላ ነው የገባኝ። ሰውየው ሱቅ አለው። ደንበኛ ሲጽፍለት፣ እሱ ባይኖርም ስልኩ ራሱ «ስለጻፉልን እናመሰግናለን፣ በቅርቡ እንመልስልዎታለን» ብሎ ይመልስለታል። ደግ ነገር ነው፣ ደንበኛ አይከፋም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እሱ ግን አርቆ አሰበ፤ ደንበኛ እንዲህ ከተከበረ እናቴስ ለምን ይቅርባት? ማንበብ ስለማትችል ደግሞ በድምፁ ቀዳላት። አንዴ ብቻ ቀዳ፣ ዕድሜ ልክ የሚበቃ! ስንቷ እናት አለች እትዬ፣ ለልጇ ደንበኛ እንኳ ያልሆነች? የኛ እማዬ ተመስገን ነው። ትንፋሹን ማቆራረጡ ነው ብቻ የሚገርመኝ። ያን ጊዜ ሮጦ ነበር እንዴ ወይስ ቁጭ ብሎ ነው የተለማመደው? መጠየቅ አይቻልም፣ ታላቅ ሰው ነው፤ ታላቅ ደግሞ ይከበራል። እኔም ለዚህ ነው ለእርስዎ ብቻ የማወራው።

እንዴ፣ ሊነሱ ነው? ሻዩስ? እሺ፣ አላስቸግርዎት፣ ደረጃውን ደግፌ አወርድዎታለሁ። እርስዎን እግዜር ይስጥልን፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎት። ለእማዬም ምሕረቱን ያውርድላት።

ለዚያም ሰው እንመርቅለት እንጂ፣ መቼም ከልቡ የሚወዳት ልጇ ነው። ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ሽበቱን፣ እርጅናውን ያሳየው። ልጆቹንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። አንዳቸውም ወደ ቀርፋፋዋ አክስታቸው አይሂዱበት፤ ሁሉም ቁርጥ አባታቸውን ይሁኑለት። እሱ ለእናቱ የሆነላትን ሁሉ፣ ምንም ሳያጎድሉ፣ እነሱም ለእሱ ይሁኑለት።

አሜን በል እንጂ ወንድም ጋሼ፣ ምርቃት እኮ ነው።