ከሰው ዐይን የተደበቀው ሰንጋ

አቶ ጩማ በዳሞት ጋሌ ገጠር በሬ በማድለብ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ የሚያርዱትን የቅርጫ ሰንጋ በጋራ ገዝተው ለእሳቸው ያስረክባሉ፤ እሳቸውም እንደ አገሩ ልማድ ከመኝታቸው ማዶ ባለው ጨለማ ክፍል አስረው፣ ክፉ ዐይን እንዳያገኘው ሸሽገው ያደልቡታል። ሚሊኒየሙ ሊገባ በቀረበበት ክረምት ግን ነገሩ እምቢ አላቸው። በሬው ይበላል፤ ሥጋ ግን አይዝም። ጎረቤት ሁሉ "ለዘንድሮው ጊፋታ የጩማ እጅ ያውቃል" እያለ በተስፋ ሲጠብቅ፣ እሳቸው እንቅልፍ አጥተው ከረሙ። ያላቸው መላ መኖ መጨመር ብቻ ነበር፤ ጨመሩ፣ ደግመው ጨመሩ።

አንድ የገበያ ቀን ፉርሽካ ሊገዙ ቦዲቲ ወርደው ወደ ነስረዲን ሱቅ ጎራ ሲሉ ከእህታቸው ልጅ ከሶርሳ ጋር ተገጣጠሙ። ሶርሳ በእንስሳት ጤና ተመርቆ በወረዳው የተመደበ፣ ሰላምታው እንኳ በትምህርት የታሸ ትሁት ወጣት ነው። ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ከለከሉት። ነስረዲንም ፉርሽካውን እየሰፈረ፣ ይህ የጋሽ ጩማ በሬ ሱቄን ሊጨርሰው ነው ብሎ ቀለደ። አቶ ጩማ ግን አልሳቁም፤ ይበላል እንጂ አልወፍር አለኝ አሉ።

ሶርሳ ነገሩ ገባውና በሬው ቆሞ ነው የሚበላው ተኝቶ ሲል ጠየቃቸው። ተኝቶ እንደሚበላ፣ ሲነሳም እንደሚያቃስት ነገሩት፤ ይህንንም በኩራት ነበር የነገሩት። ድልብ በሬ ሲከብድ ያቃስታል፤ ሥጋው ባይታይም መክበድ ጀምሯል ብለው ነዋ።

"አጎቴ፣ አልወፈረም ካሉኝ ምኑ ከበደው?" አለ ሶርሳ ቀስ ብሎ። "ይፍቀዱልኝና ልየው።"

የአቶ ጩማ ፊት ተለወጠ። የሚደልብ በሬ ለሰው አይታይም። የተማረ ሰው እዚህ ላይ ለመሳቅ ይቸኩል ይሆናል፤ የጎረቤት አደራ ያለበትን ሰው ፍርሃት ያልቀመሰ ነው የሚስቀው። ሶርሳ አልሳቀም።

"የበሬው ሰውነት እንደ አንድ ቤተሰብ ነው፣ አጎቴ" አለ። "ለአረም በሚወጣበት ቀን ጓሮ እሳት ቢነሳ ማሳውን ማን ያርማል? ሁሉም ውኃ ይዞ ወደ እሳቱ ይሮጣል። ቁስል ወይም የሆድ ትል ያለበት ከብትም እንዲሁ ነው፤ የበላውን ለሥጋ ሳይሆን በሽታውን ለሚዋጋው ኃይል ያውለዋል። ሲብስበት ደግሞ ከገዛ ሥጋው ቀንሶ ይሰጣል። እርስዎ ፉርሽካ ሲጨምሩ እሳት ለሚያጠፉት ስንቅ ላኩ እንጂ ማሳው አልታረመም።"

"ይህን በበሬ ላይ አይተኸዋል?"

ሶርሳ መዋሸት አያውቅም። "የተማርነውስ በአሳማ ነው" አለ።

ነስረዲን "አስተግፊሩላህ" ብሎ መስፈሪያውን አስቀመጠ። አቶ ጩማ ጆንያቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ። በእሳቸው ሰንጋ ፊት አሳማ ይጠራ?

"አንበላውም፣ አጎቴ፤ የተማርንበት ብቻ ነው" አለ ሶርሳ ተከትሎ። "የአንድ እናት ግልገሎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ደረቅና ንጹሕ ቦታ፣ ግማሹ እርጥብና ቆሻሻ ቦታ አደረ። መኖው አንድ ነው። ቆሻሻው ውስጥ ያደሩት ለዐይን የታመሙ አይመስሉም፤ የሞተም የለም። ግን እንደ ወንድሞቻቸው አላደጉም።"

አቶ ጩማ ቆሙ። "መኖው ያው?"

"ያው።"

ባለቤታቸው አስናቀች ጠዋት ጠዋት ፋንድያ እየዛቀች፣ ወለሉ ሊደርቅ አልቻለም ስትል ስንት ጊዜ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ነበር። አሁን ትዝ አላቸው። ሰው ሳታስከትል ና አሉት።

በሬው ከስንት ጊዜ በኋላ የቀን ብርሃን ላይ ወጣ። እያነከሰ ነበር የወጣው። የኋላ እግሩ ሰኮና መሐል አብጦ መግል ቋጥሯል፤ ከጭራው ሥር መዥገር ተደርድሯል። አቶ ጩማ ገመዱን እንደያዙ እንባቸው መጣ፤ ያን ያህል ጊዜ ስቃዩን ውፍረት ብለው ሲደሰቱበት ነበር።

"ከክፉ ዐይን ሲሸሽጉት ከእርስዎም ዐይን ሸሸጉት" አለ ሶርሳ።

ሶርሳ ቁስሉን አጠበ፣ መርፌ ወጋ፣ የትል መድኃኒት አጠጣ፤ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሳይወጣ እንዳይታረድም አስጠነቀቀ፤ ለጊፋታ ግን ገና ጊዜ ነበር። አቶ ጩማ በበኩላቸው በጓሮ በኩል ለብቻው ጋጣ ሠሩለት፤ ወለሉን ዘቅዘቅ አድርገው ሽንቱ የሚወርድበት ቦይ ቀደዱ፣ ደረቅ ሣር ጎዘጎዙ፣ መስኮትም አወጡ። በመስኮቱ ላይ ትንሽ አመንትተው ነበር፤ አስናቀች ግን ሳታማክራቸው አስከፈተችው።

የበሬው ሰውነት ነሐሴ ላይ ሞላ። ፉርሽካው ቀነሰ እንጂ አልጨመረም፤ ነስረዲንም ደንበኛዬን ሐኪም ወሰደብኝ እያለ ያማርር ጀመር። የጊፋታ ዕለት ሰንጋው ታርዶ ሲበለት ስቡን ያየ ሁሉ ተደነቀ። ምን ብትመግበው ነው እያሉ አቶ ጩማን ከበቧቸው። ምስጢር አለኝ ቢሉ ስማቸው የበለጠ ይገን ነበር። ይህን እያወቁ ግን ቆመው ተናገሩ።

"የጨመርኩለት ነገር የለም። እግሩ መግል ይዞ ነበር፤ እኔ ደለበ ብዬ ነበር። አሳከምኩት፣ ከእርጥቡ አወጣሁት። መኖው ያኔ ነው ሥጋ የሆነው። እኔም ሆንኩ አስናቀች አሁን ንጹሕ አየር እየተነፈስን እናድራለን። በየቤታችሁ ያለውን አውጥታችሁ እዩት።"

አንዳንዱ ሥጋውን እያየ፣ አንዳንዱ መሬት መሬት እያየ ወደየቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ አቶ ቶማ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ተገኙ። አቶ ቶማ በማድለብ የሚፎካከሯቸው፣ የበሬያቸውን ጭራ እንኳ ለሰው አሳይተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

"የእኔውም ሲነሳ ያቃስታል" አሉ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ። "ና እስቲ እይልኝ።"

አቶ ጩማ ጋቢያቸውን ደርበው ተከተሏቸው። ከቤቱ ሲደርሱ አቶ ቶማ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና፣ ብርሃኑ እንዲገባ ከደጃፉ ገለል አሉ።