በሰባተኛው ምሰሶ ጉዳይ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ምሰሶ አድማጭ (በሥራ ስሙ ይታወቃል)
ወገን፦ ጎብሊን
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የከተማው ምሰሶዎች አድማጭ፣ 34 ዓመት ያገለገለ
አድራሻ፦ ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ፣ የልብስ ሰፊዎች መተላለፊያ፣ ከውኃ መቅጃው ቀጥሎ ያለው ዝቅተኛ በር
ተጠርጣሪ፦ ልስን ሠራተኛው
የተጠረጠረበት ጉዳይ፦ የአደጋ ደወልን ያለ ሥልጣንና ያለ ምክንያት መደወል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ የገበያ አዳራሹ በተመረቀ በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡40
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ሳጅን፣ የታችኛው ገበያ ፖሊስ ጣቢያ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ በዚሁ ጉዳይ ከስምንት ቀን በፊት ለዚሁ ጣቢያ ቃል ሰጥቻለሁ። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ የመጣሁት ያንን ቃል ለመለወጥና የአደጋው ደወል እንዲለቀቅልኝ ለመጠየቅ ነው። ሰባተኛው ምሰሶ ሊወድቅ ነው። በእኔ ግምት እስከ ቀትር ይቆማል። የደወል ቤቱ ግን በፖሊስ ታሽጓል፤ ደወሉም በማስረጃነት የተያዘ ኤግዚቢት ነው። ሳጅኑ፣ የቀድሞው ቃሌ በአዲስ ቃል ካልተተካ፣ አዲሱም ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝርዝር ካልተጻፈ ኤግዚቢት እንደማይለቀቅ ነግሮኛል። እሽጉን ሰብሬ ለመግባት አልሞከርኩም። መቆለፊያ መስበር በቤተሰባችን የአንድ ሰው ሙያ ነው፤ እሱም እዚሁ ታስሯል።

ተጠርጣሪውን ታውቀዋለህ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። አውቀዋለሁ። የታናሽ እህቴ ባል ነው፤ ካገባት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ጠብ ወይም ቂም አላችሁ ወይ ለተባልኩት፣ የለንም። የሚጣሉት ከእኩያ ጋር ነው፤ እኔ ይህን ሰው ስንቀው ነው የኖርኩት። ሳጅኑ ንቀት በቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም ስላለኝ «ጠብ የለም» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማምቻለሁ።

የናቅሁበት ምክንያት በከተማው የታወቀ ነው። የተጠርጣሪው ግራ ጆሮ ጨርሶ አይሰማም፤ ቀኙም የሚሰማው ደስ ሲለው ነው። ይህን መዝገብ ከላይ አገር የሚመጡ ሰዎች ሊያነቡት ስለሚችሉ ነገሩ እንዲብራራ ጠይቄአለሁ። ከተማችን በኮረብታ ሆድ ውስጥ የተፈለፈለች ናት። ጣሪያችን ኮረብታው ራሱ ነው፤ እሱን ደግፈው የያዙት፣ ሲፈለፈል ሳይነኩ የተተዉ አርባ አንድ የድንጋይ ምሰሶዎች ናቸው። መብራታችን ጥቂት ነው፤ ጆሯችን ግን ክንድ ያህላል። ስለዚህ እኛ ጎብሊኖች ነገርን የምናውቀው በመስማት ነው። ማየት ለሕፃናትና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የተተወ ነው። ጨዋ ጎብሊን ሱቅ ሲገባ ዕቃውን አንኳኩቶ፣ አድምጦ ይገዛል፤ ቤቱ ደርሶ ቀለሙ ሌላ ሆኖ ቢያገኘውም ቅር አይለውም። ዕቃ አገላብጦ የሚያየውን እንደ ምስኪን ቆጥረን እናልፈዋለን።

የእኔ ሥራ በየአሥር ቀኑ ምሰሶዎቹን በመዶሻ አንኳኩቼ ማድመጥና በመዝገብ ላይ «ጤነኛ» ወይም «ሕመምተኛ» ብዬ መጻፍ ነው። ሕመምተኛ ካገኘሁ ደወሉን እደውላለሁ፤ ደወሉ ከተደወለ ከተማው በሙሉ ወደ ፀሐይ የመውጣት ግዴታ አለበት። የመደወል ሥልጣን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ጊዜ ደውያለሁ። ያ ምሰሶ የወደቀው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስኪወድቅ ድረስ ሕዝቡ ጆሯችን በፀሐይ ተላጠ እያለ ሲሰድበኝ ሰነበተ። ከወደቀ በኋላ ስድቡን መልሼ ወሰድኩ ያለኝ የለም።

ባለፈው ዓመት የከተማ ማስዋቢያ ኮሚቴው ሊቀመንበር የገበያ አዳራሹን ለማሳመር ተነሡ። ለክብር እንግዶች የታሰበው መድረክ በሰባተኛው ምሰሶና በግድግዳው መካከል አልገባ አለ። ኮሚቴው መድረኩን ከማሳጠር ይልቅ ምሰሶውን በሁለት በኩል አንድ አንድ ክንድ ለማስጠረብ ወሰነ። ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ፤ «ያለ ምንም ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ አልፏል» ይላል። ምሰሶው አልተጠየቀም። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት ድንጋይ የሚያውቅ አንድም የለም፤ ሁለቱ ግን ስለ ድንጋይ ግጥም ጽፈዋል። ጥርቡ እንዳለቀ እኔ ተጠርቼ አድምጫለሁ፤ በዚያን ጊዜ ጤነኛ ነበር።

ልስኑን እንዲሠራ ተጠርጣሪው ተቀጠረ። ለምርቃቱ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ 6፡30 ላይ ምሳ እየበላሁ ሳለ ከእህቴ ጋር ቤቴ መጣ። የሚለስንበትን ካዙላ ከእጁ አላስቀመጠም፤ እስከ ቅንድቡ ጄሶ ነበር። ቁጭ በል ሳልለው፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ፣ «ጋሼ፣ ሰባተኛው ምሰሶ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ» አለኝ።

«ማን ሰማው?» አልኩት።

«ማንም አልሰማውም። አየሁት።»

«በምንህ?»

«በዓይኔ ነዋ ጋሼ! በምኔ ላየው ኖሯል?»

እህቴ አንገቷን ደፋች። በጨዋ ቤት፣ በምሳ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር እንደማይወራ ነገርኩት። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ ወይም በእርግጥ ሳይሰማኝ፣ ቀጠለ። በስንጥቁ ላይ በጣት ስፋት ጄሶ ለጥፎበት ነበር። ጄሶው ከደረቀ በኋላ በማግስቱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ አገኘው። ሌላ ለጠፈ፤ እሱም ተሰነጠቀ። «ጄሶ ዝም ብሎ አይሰነጠቅም ጋሼ፣ ድንጋዩ እየሄደ ነው» አለ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም። «ይምጡና ያድምጡልኝ። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?» አለ። ከተናገረው ሁሉ ይህን ብቻ ትክክል ነው ብዬ ተቀበልኩት።

በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ሊቀመንበሩና ሁለት አባላት ወንበር ሊያስደረድሩ መጥተው እዚያው ነበሩ። ምሰሶውን ዙሪያውን አንኳኳሁ። ሦስቱ ጎን እንደ ወትሮው ነው። በመድረኩ በኩል፣ በደረቴ ልክ ስመታው፣ የተሰነጠቀ ገንቦ የሚሰጠው ዓይነት፣ ዘግይቶ የሚመለስና ጉሮሮው የታነቀ ድምፅ መለሰልኝ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ሦስቱንም ጊዜ ሰምቻለሁ። በቀድሞው ቃሌ ይህን አልሰማሁም ብያለሁ፤ ያ ውሸት ነው።

ሊቀመንበሩ «እህሳ፣ አድማጫችን ምን ይላሉ? እንግዶቹን እኮ ጠርተናል» አሉ። ተጠርጣሪው በደንብ መስማት ስለማይችል ዓይኑን ከፊቴ ላይ አልነቀለም። ፈገግ ብሎ ነበር። የማፌዝ ፈገግታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን የሚያምነኝ ሰው ፈገግታ ነበር። እኔም «ጤነኛ ነው» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለ ተጠርጣሪው።

ሊቀመንበሩ ጆሮው ላይ ተጠግተው «ጤነኛ ነው አሉ! ዓይንህን ታጠብና ግድግዳህን ለስን!» ብለው ጮኹበት። ሁለቱ አባላት ሳቁ። እኔም አብሬ ስቄአለሁ፤ ይህም ይጻፍልኝ።

ለምን እንዲህ አልክ ተብዬ ተጠየቅሁ። ያስፈራራኝም የደለለኝም የለም። ሕመምተኛ ነው ብል፣ ደንቆሮው ለሳኝ ያየውን አድማጩ ከእሱ በኋላ ሰማው ሊባል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። መደበኛው የማድመጫ ቀኔ ከአምስት ቀን በኋላ ስለነበር፣ ያን ቀን ብቻዬን መጥቼ፣ በራሴ ጆሮ እንዳገኘሁት አድርጌ ልደውል አስቤ ነበር። ድንጋዩ አምስት ቀን እንዲታገሠኝ ማለት ነው። ግን የሊቀመንበሩ ካባ ከታሰበው ቀድሞ ተሰፍቶ ስላለቀ ምርቃቱ በሦስት ቀን ቀደመ።

በምርቃቱ ዕለት ከጠዋቱ 4፡30 ላይ በአዳራሹ ስድስት መቶ ያህል ጎብሊን ነበር። እኔ በክብር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሊቀመንበሩ ንግግር ሲያደርጉ ተጠርጣሪው በሥራ ልብሱ ገባ፣ ወደ ምሰሶው ሄደ፣ የለጠፋቸውን ጄሶዎች አየ። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱን በእጁ ይዞ «ጋሼ! ሁሉም ተበጥሷል! ይኸው፣ ይኼኛውማ ረግፏል!» ብሎ ጮኸ። እኔ እንደማያውቀው ሰው ፊቴን አዞርኩ። እሱም ወደ ደወል ቤቱ ሮጦ መቆለፊያውን በካዙላው ሰብሮ ደወለ። በዚያን ጊዜ ሊቀመንበሩ «እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከዚህ መድረክ ንቅንቅ» እስከሚለው ደርሰው ነበር። ግሡን አልሰማነውም። እግሬ አውጪኝ ካሉት ሁሉ የመጀመሪያው እሳቸው ነበሩ፤ ካባቸው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወድቆ ተገኝቷል።

እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆየን። በግፊያው አሥራ አንድ ሰው ተጎዳ፤ ለምርቃቱ የመጡት መዘምራን መሪ እግሩ ተሰበረ። ምሰሶው ግን አልወደቀም። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ምሰሶው የሠራው ስሕተት ይህ ብቻ ነው። በማግስቱ ተጠርቼ ደወሉ ያለ ምክንያት እንደተደወለ ቃሌን ሰጠሁ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መደበኛ የማድመጫ ዙሬን ስዞር ሰባተኛውን ሳልነካው አልፌ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ የእጄ ነው።

ትናንት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እህቴ ቤቴ መጣች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። «ወንድምጋሼ፣ ሰምተሃል አልሰማህም?» አለችኝ።

«መዝገቡ ላይ እንደተጻፈው…» ስላት «መዝገቡን መች ጠየቅሁት?» አለች።

መዶሻዬን አንሥቼ እጀታውን መወልወል ጀመርኩ። «እናታችን ያረፈች ቀን ትንፋሿ ሲቆም ከሦስት ክፍል ወዲያ ሆነህ የሰማህ አንተ ነህ። አልሰማሁም እንዳትለኝ» አለች። መወልወሌን አላቆምኩም። «በል ደህና ሁን። ነገ ፈርደው ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ላይ ሊጥሉት ነው። ልጆቼን ይዤ አብሬው እወጣለሁ። ጆሯቸውም ይላጥ፤ አባት አላቸው» ብላ ሄደች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መዶሻዬን ይዤ ወደ ምሰሶው ሄድኩ። መዶሻው አላስፈለገኝም። ምሰሶው ማንም ሳይነካው ሲጥ ሲጥ ይላል። አንዲት እንጉዳይ ሻጭ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ገበያዋን ትዘረጋለች። ይህ ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ። ሁላችንም እንሰማዋለን። እርስዎ ጤነኛ ነው ብለው የለ እንዴ? እኛ ማን ነንና ነው!» አለችኝ። ተነሺ አልኳት። ደወሉ ሲደወል እነሣለሁ አለችኝ። ሕግ ነው። በከተማችን ሁሉም ጆሮ አለው፤ የሚያምነው ግን የእኔን መዝገብ ነው። ለዚህ ከተማ ያለኝን አስተያየት ሳጅኑ አልጽፍም ብሏል።

ከዚያ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ጣቢያው የሚከፈተው 2፡30 ስለሆነ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ተጠርጣሪው የታሰረበት ክፍል የኋላ ግድግዳ ከሰባተኛው ምሰሶ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ስምንቱንም ቀን አውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ሳጅኑ እስክሪብቶውን አቁሞ ጆሮውን አቀና። ምን ሰማህ አልኩት። ከዚህ በኋላ አሳጥረው ብቻ አለኝ። የሚያጥር ነገር አልቀረኝም። ተጠርጣሪው የደወለው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ከእሱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ከላይ፣ ከዋናው መውጫ በር ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ ነው። ከጠዋቱ 3፡55 ላይ ኤግዚቢቱ በሳጅኑ ፊርማ ተለቅቆልኝ ደወልኩ። ሳጅኑ እስረኛውን ራሱ ይዞት ወጣ። ገበያው እስከ 4፡40 ባዶ ሆነ። 5፡35 ላይ ከእግራችን በታች ድምፅ ተሰማ፤ ስለ ድምፁ የምለው የለኝም፤ የሰማ ሁሉ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆሞ የቀረው ተጠርጣሪው ብቻ ነው። ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ ሰው ቀርቶ ነበር እንዴ?» አለኝ። «ማንም አልቀረም» አልኩት። አልሰማኝም። ተነሥቼ፣ በቀኝ ጆሮው በኩል ዞሬ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። እሱም እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እህቴ መጥታ ከአጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። ሊቀመንበሩ በዚህ ሰዓት በስተግራችን ባለው ጥላ ሥር ቆመው፣ ኮሚቴው በምሰሶው ላይ ከድሮም ሥጋት እንደነበረው እያስረዱ ነው።

ከስምንት ቀን በፊት በፈቃዴ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነበር፤ የዛሬው እውነት ነው። ለሁለቱም የምጠየቀው እኔ ነኝ። የተጻፈው ተነብቦልኛል፤ ሳጅኑ ሊያለዝባቸው የፈለጋቸው ሦስት ቦታዎች እንዳሉ እንዲቀሩ አድርጌአለሁ።

ምስክር፦ ምሰሶ አድማጭ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ሳጅን (ፊርማ)
ታዛቢ፦ ልስን ሠራተኛው፣ ሌላ ፈቃደኛ ባለመገኘቱ (ፊርማ፤ ከመፈረሙ በፊት ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦታል)