የማይቀልጠው ቅቤ

ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ቅቤ ነጋዴዎች ናቸው።

«ዛሬም ፋጡማ ቅቤዋን ሸጣ ጨረሰች። የእኔ ገና ሳይረፍድ ቀለጠ።»

«በዚህ ሙቀት የእሷስ ለምን አይቀልጥም?»

«ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን የጣሳ የዘይት ቅቤ ትቀላቅልበታለች፤ ወላሂ!»

«ስትቀላቅል አይተሻል?»

«ማየት ያስፈልገኛል? የላም ቅቤ አዋሽ ላይ እንደ ሳሙና ደርቆ ይውላል እንዴ?»

«ታዲያ ለቀበሌ ንገሪያ!»

«ሊቀመንበሩ ባሌ አይደለም እንዴ? እሱ ራሱ ‹እውነተኛ ቅቤ አማረኝ፤ ከፋጡማ ግዢልኝ› ይለኛል!»

«ላንቺ? ለቅቤ ነጋዴዋ?»

«ለእኔ! ደግሞ ስሟን ሲጠራ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ብታዪ!»

«እና ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ? ገዛሁለት።»

እኔ ከፋጡማ የገዛሁትን፣ ጭኔ ላይ ሳይቀልጥ የተቀመጠውን ቅቤ ቀስ ብዬ በነጠላዬ ሸፈንኩት።