ሳሎን ውስጥ የተደወለ ደወል

መምህር ዲጋምባር ሳቴ ፑኔ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከትምህርት የሚፎርፍ ልጅ ከሩቅ በጀርባው ለይተው ሲይዙ የኖሩ ርእሰ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡና ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ናግፑር ካለው ትልቁ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ቢገቡም፣ ይህች አመል አብራቸው ተሳፍራ ሄዳለች። አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሁለተኛ ልጃቸውን ሳይታሰቡ ሊጠይቁ ፑኔ ከባቡር ወረዱ። ባዶ እጃቸውን ላለመግባት በአትክልት ተራ በኩል ሲያልፉ፣ ጸጉሯን ሁለት ላይ የተጎነጎነች ልጅ ከቲማቲም ነጋዴ ጋር ስትከራከር አዩ። ያውም በትምህርት ሰዓት! ደማቸው ፈላ።

«አንቺ!» አሉ፣ ድሮ ግቢውን ጸጥ ያሰኝ በነበረው ድምፃቸው። «የየት ትምህርት ቤት ተማሪ ነሽ?»

ልጅቱ ዘወር አለችና «አጆባ! አያቴ!» ብላ ተጠመጠመችባቸው። የገዛ ልጃቸው ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ኢራቫቲ ነበረች። አያት ያዩትን ማመን አቃታቸው።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ! እየተማርኩ ነው። ሳይመዘን ሁለት ኪሎ ስንት ቲማቲም እንደሚሆን እገምታለሁ። ዛሬ በሁለት ብቻ ነው የሳትኩት።»

በዚህ መሀል የልጅቱ እናት ማንጂሪ ዘንቢሏን ይዛ ደረሰች። አማቷን ስታይ ፊቷ ቢለዋወጥም፣ ጎንበስ ብላ በአክብሮት እግራቸውን ነካችና «ባባ፣ ልንነግርዎት ነበር» አለች። ከትምህርት ቤት ካወጧት ስድስት ወር ሆኗል።

ወደ ቤት በባጃጅ ሲሄዱ አያት በቁጣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ልጅቱ ግን አፏ አላረፈም። ሙዝ ለምን ይጎብጣል? ሳምንት ሰባት ቀን ይሁን ያለው ማነው? የባጃጁ ሹፌር ሎሚና ቃሪያ የሰቀለው ክፉ ዓይን ነው ወይስ መኪና እንዲሸሽለት? መምህር ሳቴ መቁጠር ልማዳቸው ነውና ቆጠሩ፦ አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ። አንዱንም አልመለሱም።

ልጃቸው ሽሪራንግ የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ከቤቱ ሥር ነው። አባቱ መምጣታቸውን ሲሰማ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና በር ላይ ቆመ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በአባቱ ፊት ግን ዛሬም ቃል ያጥረዋል። ስለዚህ ክርክሩ በአማትና በምራት መካከል ሆነ።

«ለመሆኑ አንቺ መምህርት ነሽ?» አሉ ሳቴ፣ ሻዩን ሳይነኩ።

«አይደለሁም ባባ።»

«ታዲያ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሆድ ይከፍታል?»

«አይከፍትም። ሐኪም ያልሆነች እናት ግን ልጇን ታበላለች። እኔም እሱን ነው የማደርገው። የማላውቀውን ከእሷ ጋር አብሬ አነባለሁ፤ ያቃተንን የሚያውቅ ሰው ፈልገን እንጠይቃለን።»

«ጓደኛስ? ልጅ ያለ ልጅ ያድጋል?»

«ማታ ወርደው ግቢውን ይዩት እስቲ። እኛ ጓደኛ አልጠፋብንም፣ የጠፋብን ዝምታ ነው።»

«የምስክር ወረቀቱስ?»

«በርቀት ተመዝግባ ፈተናውን እንደ ማንኛውም ልጅ ትወስዳለች። ከኛ በፊት በዚሁ መንገድ የሄዱ ቤተሰቦች አሉ፤ በየወሩ እየተገናኘን እንመካከራለን።»

«ሥርዓትስ? ሰዓት ማክበርስ?»

ማንጂሪ እዚህ ላይ ትንሽ አመነታች። ሐቀኛ ሴት ናትና ደብቃ አላለፈችውም። «እሱን ገና እየተማርን ነው ባባ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እኔና እሷ ተራ በተራ ስናለቅስ ነው የከረምነው። ቀላል ነው አልልዎትም።»

«ታዲያ ምን ቸግሯችሁ አወጣችኋት?»

«ጠዋት ጠዋት ‹ሆዴን› ትል ነበር። ማታ ደግሞ እሷ የቤት ሥራ ላይ፣ እኔ እላይዋ ላይ ስጮህ፣ ይሄ ሰውዬ ጩኸቱን ሽሽት ሱቁ ሲያመሽ። ሦስታችንም አንድ ቤት የምናድር እንግዶች ሆነን ነበር። አንድ ቀን ‹ከትምህርት ቤት ምኑን ትወጃለሽ?› ብዬ ጠየቅኳት። ‹ደወሉን› አለችኝ። ‹የትኛውን ደወል?› ብላት፣ ‹የመጨረሻውን!›»

ሽሪራንግ ሳቁ አመለጠው፤ አባቱ ቀና ብለው ሲያዩት ግን ሳል አስመሰለው።

መምህር ሳቴ ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው፣ እሳቸው ይመሩት የነበረውን ትምህርት ቤት አሁን ለሚመራው ለቀድሞ ተማሪያቸው ለጆግሌካር ደወሉ። ቦታ እንዲይዝላት ለመኑት። እሱም «ለእርስዎ ሲባል እስከ ቅዳሜ እይዘዋለሁ ሰር» አላቸው።

«በቃ» አሉ ስልኩን እየዘጉ። «ቅዳሜ ትመዘገባለች።»

ማንጂሪ ያልተነካውን ሻይ አነሣች። በስድስት ወር ያገኘችው ነገር ሁሉ፣ የልጇ ሳቅም ጭምር፣ በአራት ቀን ሊሄድባት ነው። ከዚያ ግን ማንም ያልጠበቀውን ተናገረች። «እሺ ባባ። እስከ ቅዳሜ እርስዎ ያስተምሯት። ከዚያ በኋላ እርስዎ ያሉት ይሁን።» ባሏ አብደሻል ወይ በሚል ዓይን አያት።

ረቡዕ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ሳሎኑ ትምህርት ቤት ሆነ። መምህር ሳቴ የሰዓት ክፍፍሉን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አስምረው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ደወል ቢያጡ የቤቱን የጸሎት ደወል ከአማልክቱ ምስሎች ጥግ አንስተው ደወሉ። ከዚያ መዝገብ ገልጠው፣ ብቻዋን ምንጣፍ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ስም ጠሩ።

«ኢራቫቲ ሽሪራንግ ሳቴ!»

«አለሁ ሰር!»

ከጎን ቤት ያሉት ጎረቤት የጸሎቱን ደወል ያለ ሰዓቱ ሰምተው ግራ ተጋቡ፤ በአርባ አምስት ደቂቃው ደግሞ ሲደወል፣ እዚያ ቤት ሰው ታሞ ስለት ገብተው ይሆናል ብለው ሊጠይቁ መጡ። ማንጂሪ ግን ሥራዋን ቀጠለች። ልጅን ቤት የሚያስተምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው ስሕተት ይኸው መሆኑን ታውቃለች፦ ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ትምህርት ቤቱን ቤት ማስገባት። እሷም በመጀመሪያው ወር ጥቁር ሰሌዳ ገዝታ፣ ልጇን ዩኒፎርም አስለብሳ፣ ጉድ ሆናለች። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሲነግሩት አይሰማም፤ ራሱ ካላየው።

ሐሙስም እንዲሁ አለፈ። ልጅቱ ጎበዝ ተማሪ ሆነች። ሲጠይቋት ትመልሳለች፣ ሳይጠይቋት ዝም ትላለች፤ መዝገቡ ላይ «በጣም ጥሩ» ተባለላት። ማታ ግቢ ወርዳ አልተጫወተችም። ዓርብ ጠዋት «ሆዴን» ብላ ተነሣች። አያት ሰበብ ነው አሉና ደወሉን ደወሉ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ አሥር ፑኔ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ስልክ አይነሣም፣ ጎረቤት በር አያንኳኳም። መምህር ሳቴም ምሳቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ፣ ከሳሎን ሹክሹክታ ቀሰቀሳቸው። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው በሆዳቸው ተኝተው ወለሉ ላይ በጠመኔ እየሣሉ ነው። አጠገባቸው ከሞተር የወጡ ሁለት እኩል ክብ ብረቶች፣ ፑሊዎች፣ እና ሁለቱን እንደ ቀበቶ ጠምጥሞ የሚያዞር አንድ የተበጠሰ ቺንጋ አለ።

«ቺንጋው እያንዳንዱን ፑሊ በግማሽ ብቻ ነው የሚነካው» አለች ኢራቫቲ። «ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ክብ ሆነ። በመሀል ያለውን ርቀት ሁለቴ ጨምርበት፤ የቺንጋው ርዝመት እሱ ነው፣ አለቀ!»

«ኧረ ባክሽ! እኔ እኮ ሃያ ዓመት በገመድ ስለካ ነው የኖርኩት።»

«ቺንጋው ለምን አይንሸራተትም? ዘይት ቢነካውስ? መጀመሪያ የሠራው ሰው እንዴት አሰበው? ከለስላሳ ጎማ ቢሠራስ?»

«ቀስ በይ፣ አንድ በአንድ! ይሄን ትምህርት እኔ ስምንተኛ ክፍል ጥዬው ነው የመጣሁት። አባቴ ሰሌዳው ላይ ክብ ሣሉ። ክቡ ሲያምር! ከዚያ ወዲያ አንድም አልገባኝ።»

«ለምን አልጠየቅካቸውም?»

«እሳቸውን? አንቺ ደግሞ! እኔ እኮ መተንፈሱንም እፈራ ነበር።»

መምህር ሳቴ በሩ ጀርባ ቆመው ቀሩ። አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ የጠየቀቻቸው ልጅ፣ ደወል በተደወለባቸው ሦስት ቀናት ውስጥ አንድም ጥያቄ እንዳልጠየቀች ገና አሁን ታያቸው። እሳቸው ደግሞ ለዚያ ዝምታ ነበር «በጣም ጥሩ» ብለው የጻፉት። ዕድሜ ልካቸውን ስንት ዝምታ አመስግነው ይሆን? ልባቸው ተሰበረ።

በሩን ገፍተው ሲገቡ ልጃቸው ብድግ ብሎ ቆመ፤ ጠመኔውን ከጀርባው ደበቀ። ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው!

«ተቀመጥ» አሉት። ራሳቸውም ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ለምን አልጠየቅከኝም ልጄ?»

ሽሪራንግ የደበቀውን ጠመኔ አውጥቶ ወለሉ ላይ አኖረ። «ክፍል ውስጥ ስሜን ሲጠሩ እንደማያውቁኝ ነበር የሚጠሩኝ» አለ በመጨረሻ። «ቤት ስንገባ ደግሞ እናቴ ‹ደክሟቸዋል፣ እንዳትረብሹ› ትለን ነበር። ታዲያ የት ልጠይቅዎት?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ የተጠረገው ግን መነጽሩ ብቻ አልነበረም።

«አሁን ጠይቀኝ።»

«አሁን… እሺ። አንዱ ፑሊ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሲሆንስ? ግማሽ ግማሹን አይነካም መሰለኝ።»

መምህር ሳቴ አፋቸውን ከፈቱ። ቀመሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፈውታል። «መልሱን አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን… እንጃ። ኑ እስቲ አብረን እንየው።»

ያን ቀን ማንም አልተኛም። ማንጂሪ ሻይ ጥዳ መጥታ እሷም ወለሉ ላይ ቀረች፤ ሻዩ ገንፍሎ አለቀ። ወለሉም እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ክብ በክብ ሆነ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ እናትና ልጅ እንደ ልማዳቸው ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ሲወጡ፣ አያትም ተከተሉ። እዚያ ኮረብታ ላይ ለጤናቸው ሲሉ አርባ ዓመት ወጥተው ወርደዋል። ኢራቫቲ ዓይኗን ጨፍና ሰባት ወፎችን በድምፃቸው ብቻ ለይታ በስማቸው ስትጠራላቸው ግን፣ እሳቸው አንዱንም እንደማያውቁ አመኑ። እናቲቱም ጀማሪ አይደለችም፤ ስታገባ ያቋረጠችውን የሥነ ሕይወት ትምህርት ከልጇ ጋር ስታጠና ናፍቆት ይዟት፣ ዘንድሮ እንደገና ተመዝግባለች።

አያት ከኮረብታው ወርደው በቀጥታ ጆግሌካር ቢሮ ገቡ። የቀድሞ ተማሪያቸው ቅጹን አዘጋጅቶ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ቅጹን ለሌላ ልጅ ስጠው።»

«ምነው ሰር፣ ፈተኗት እንዴ? ወደቀች?»

«የወደቅኩት እኔ ነኝ። አየህ ጆግሌካር፣ ሁሉም ልጁን ከአንተ ይውሰድ አልልህም፤ ደስ ብሎት የሚማረውን አስተምረው። ቤት የማስተማሩ ነገር ጊዜ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ምራቴ ደክሟት አይቻለሁ። ግን ልጅቱ መጠየቅ አትፈራም። እናትየዋ ያቋረጠችውን ቀጠለች። ልጄ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል የጣለውን ሒሳብ አነሣ። ማታ ማታ ሱቁ ተደብቆ ያመሽ የነበረ ሰው አሁን ቶሎ ይገባል፤ ማዕዱ ላይ ወሬ አለ። አንድ ልጅ ስትማር ቤቱ በሙሉ አደገ።»

«ቦታው እኮ አንድ ብቻ ነው ሰር። ዛሬ ካለፈ አይገኝም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ!» አሉ መምህር ሳቴ እየሳቁ። «አንድ ቦታ ነው የለመንኩህ። ቤት ገብቼ ስቆጥር ግን ተማሪዎቹ አራት ናቸው።»

ጆግሌካር በጣቱ ቆጠረ። ልጅቱ፣ እናቷ፣ አባቷ። «አራተኛው ማነው?»

«ሰባ አንድ ዓመቱ ነው» አሉት። «ዘግይቶ ነው የተመዘገበው። ግን ከትናንት ጀምሮ ይጠይቃል።»