ወንበሩ አንድ በነበረበት ጊዜ

የምስክር ቃል መቀበያ
የምስክሩ ስም፦ ሽመክት አወቀ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ
አድራሻ፦ ዳንግላ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ እንጅባራ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ጠዋት

ተጠርጣሪዋን ማናለብሽ ነጋን የማውቃት በሥራ ነው፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። ባለፈው እሑድ እንጅባራ ለተደረገው የፈረስ ውድድር ምዝገባውን የመራችው እሷ ናት። አሥራ ሰባተኛው የመወዳደሪያ ተራ ቁጥር ለሁለት ፈረሰኞች ተሰጥቶ ሁለቱም ተራዬ ነው ብለው ሲወጡ ፈረሶቹ ተጋጭተው የአንደኛው ፈረሰኛ የአቶ ወገኔ እግር ተሰብሯል። ማናለብሽ ከሁለቱ ለአንዱ፣ ለዘመዷ አድልታ ነው ተብላ መታሰሯን ሰምቼ በፈቃዴ ቀርቤያለሁ።

የምዝገባው ፕሮግራም የተጻፈበትን የኮምፒውተር ቋንቋ በአማርኛ ቃላት የሠራነው እኔና ሟች ጓደኛዬ ምስጋናው ነን። የሠራነውም እዚሁ እንጅባራ፣ ቆሰበር በሚባለው ሰፈር፣ በእናቱ በወ/ሮ ደብሪቱ ቤት ነው። ኮምፒውተራችን አንድ፣ ወንበራችንም አንድ ነበር። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ቆሞ ያያል፤ ጥቂት ከቆየሁ «ተነስ እንጂ፣ ወንበሩን ልትወርሰው ነው?» ይለኝ ነበር። ያ ጊዜ እስካሁን ይናፍቀኛል። ትእዛዞችን የሚያስኬደውን የቋንቋውን ሞተር የጻፈው እሱ ነው። ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ በዚያ ቤት መጥቶም አያውቅም።

ዘንድሮ ምዝገባው በሁለት መስኮት፣ በሁለት ሠራተኛ ሆነ። ሁለት ፈረሰኞች እኩል ሲመዘገቡ ሞተሩ ሁለቱንም ሥራ አብሮ ያስኬዳል፤ ሁለቱም ሥራዎች የመጨረሻውን ቁጥር አሥራ ስድስት ብለው ያነቡና ሁለቱም አሥራ ሰባትን ይሰጣሉ። ሰኞ ዕለት ይህን ለማግኘት ብደክም እምቢ አለኝ። እያንዳንዱን እርምጃ እንዲያሳየኝ ሳዘው ሥራው ስለሚዘገይ ጥፋቱ ይሰወራል፤ መብራት ሲበራ እንደምትሸሸግ አይጥ ነው። ይህን መከታተያ አንስቼ የሁለቱን መስኮቶች ምዝገባ ደጋግሜ አብሬ ሳስኬድ ግን አንዱ ቁጥር ለሁለት ሲሰጥ በዓይኔ አየሁ።

ቶሎ ያልቀረብኩት ሙት ወቃሽ እንዳልሆን ፈርቼ ነው። ወ/ሮ ደብሪቱ ዘንድ ሄጄ ብነግራቸው «ልጄ ሰው አሳስሮ አይተኛም፤ ሂድና ተናገር» አሉኝ።

ስህተቱን ትናንት በእሳቸው ቤት፣ በዚያው ወንበር ተቀምጬ አርሜዋለሁ። አንዱ ቁጥሩን ወስዶ እስኪጨርስ ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ አንድ መስመር ነው። ጽፌ እንደጨረስኩ ተነስቼ ወንበሩን ለቅቄ ከጎኑ ቆምኩ። ለምን እንደተነሳሁ የገባኝ ወ/ሮ ደብሪቱ ቀና ብለው አይተውኝ ሲያለቅሱ ነው።

ቃሌ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ፤ ማናለብሽን ለማዳን የጨመርኩት፣ ለጓደኛዬም ብዬ የቀነስኩት የለም። እውነት በመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ትዕዛዙ ምሕረት፣ ፊርማ፦ ____________